ቀይ ሽቦ በግራ በኩል

ውድ ወንድሜ ጆሮ፣

ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን እያሻሸችም ቢሆን ትስቃለች፣ ሱቁም እየሠራ ነው፣ ልጄም ከእኔ የተሻለች ነጋዴ ሆናለች። ይህን ያህሉን በስልክም እንባባላለን። ዛሬ ደብዳቤ የምጽፍልህ በስልክ ልነግርህ የማልችለው ነገር ስላለ ነው። ራሴን አውቀዋለሁ፤ ስልክ ላይ ሁለት ቃል ካመንኩ በኋላ ሦስተኛው ላይ መከራከር እጀምራለሁ። ወረቀት ግን መልስ ስለማይሰጥ የምደራደረው ሰው አይኖርም።

ነገሩ የመኪናዋ ነው። ያቺ ባለሁለት ወንበሯ የስፖርት መኪና እስካሁን እኔ ጋ አለች። ሳላገባ የገዛኋት ጊዜ እማዬ ዙሪያዋን ዞራ አይታ «ይቺስ አይገቡባትም፣ ይለብሷታል እንጂ» ያለችው ትዝ ይልህ ይሆናል። ቀለሟ ሁለት ጊዜ ታድሷል፣ ሞተሯ አንድ ጊዜ ወርዶ ተሠርቷል። እኔ ደግሞ አሁን ከውስጧ ስወጣ የበሩን ጠርዝ ሳልይዝ አልነሣም።

ባለፈው ወር ቴፑ የቀረኝን የመጨረሻ ካሴት በላው። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

«አባዬ፣ ሰው በገዛ መኪናው እንዴት እንደ ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ ይሄዳል?» አለችኝ።

«ሞተሩን እሰማለሁ።»

«ሞተሩማ ለሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።»

ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ልቀይረው ወሰንኩ፤ ቴፑንም፣ ስፒከሮቹንም፣ አምፕሊፋየርም ልጨምርበት። ከገበያው ጀርባ የመኪና ድምፅ ብቻ የምትሠራ አንዲት ቴክኒሻን እንዳለች ሰማሁና ሄድኩ። ጋራዧ የሚያስገባው አንድ መኪና ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሽቦ ግን በቀለምና በውፍረት ተለይቶ ተደርድሯል። ያንን ሳይ ወደድኳት፤ ዕቃውን ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው እኔን አያስቸግረኝም።

ከመሪው ፊት ያለውን ክሩስኮት በእጇ ዳበሰችና «ጋሼ፣ ይሄ ተቆርጦ አያውቅም» አለችኝ።

«አሁንም አይቆረጥም።»

«አዲሶቹ ቴፖች ስክሪናቸው ሰፊ ነው። በዚህ ቀዳዳ ልክ አይገቡም።»

«ልክ የሚገባ ፈልጊልኛ። በዚህ ዕድሜዋ ቀዶ ጥገና አላሠራትም።»

ሳቀችና ፈለገች፤ አገኘችም። ፊቱ እንደ ድሮው ሁለት መዘውር ያለው፣ ውስጡ ግን ከስልክ ጋር የሚገናኝ። ዋጋ ላይ ብዙም አልተጨቃጨቅንም። ይሄን ስታነብ እንዳትደነግጥ፣ አላመመኝም።

አሮጌውን ከመንቀሏ በፊት ግን «እስቲ አንዴ ልስማው» አለች። ራዲዮውን ከፍታ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለችና ዓይኗን ጨፈነች። ድምፁን ወደ ቀኝ ብቻ አደረገችው፤ ከዚያ ወደ ግራ ብቻ፤ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው።

«ስፒከሮቹ ምንም አልሆኑም» አለች። «ለየብቻ ሲሆኑ ደህና ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ የሚጠፋው።»

እዚህ ላይ ቀና ብዬ አየኋት። ምክንያቱም ይህንኑ አንተ ብለኸኛል፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ቃል በቃል።

ያን ቀን አንተ እንደማትረሳው አውቃለሁ። እኔ ግን እንዴት እንደማስታውሰው አታውቅምና ልንገርህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር፤ ድምፅ ለይተህ ስለምትሰማ ሁላችንም ጆሮ እንልህ ነበር። መንገዱን የሚያየውን የቧንቧ ዕቃ ሱቄን የፊት መደርደሪያ ለአንተ ልሰጥህ ቃል ገብቼልህ ነበር፤ ራዲዮ፣ ስፒከር፣ ማዳመጫ ልትሸጥበት። የትኛው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ በእርሳስ ሥለህ፣ ወረቀቱን በኪስህ ይዘህ ትዞር ነበር። ለመኪናዬ የሚሆነውን ስፒከር ለመምረጥ ሦስት ቀን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ስትዞር ከርመህ፣ ሁለቱን ይዘህ ስትመጣ ፊትህ በርቶ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ገጠምናቸው። ተከፈተ። ድምፁ ከድስት ውስጥ የሚወጣ መሰለ።

አንተ አልደነገጥክም። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አደረግከው። «ለየብቻ ሲሆኑ ደህና ናቸው፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚጠፋው» አልክ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን እንደያዘ ወጥቶ «እንደ ባልና ሚስት በለኛ» ብሎ ሁለት ደንበኞቼን አሳቀ። አንተ ግን አልሳቅክም። «ጋሼ፣ የግራውን በር ልፍታው፤ አምስት ደቂቃ ስጠኝ» አልከኝ።

እኔም «ገና አሁን የገጠምኩትን በር አልፈታም» አልኩህ። የበሩ ክሊፖች አስቸግረውኝ ስለነበር አንዱ እንዳይሰበር ፈራሁ። እንግዲህ ለአንድ ፕላስቲክ ክሊፕ ስል ነው። አንተ ደግመህ ስትለምነኝ ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ ያንን አልኩ፦ «ሁለት ስፒከር መምረጥ ያቃተው ሰው ነው መደርደሪያ ሙሉ ዕቃ የሚመርጥልኝ?»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አንተ እጅህን በጨርቅ ጠርገህ ቤት ገባህ። ሰኞ መደርደሪያው ላይ የቧንቧ መክፈቻ ደረደርኩበት። ከአራት ወር በኋላ ማተሚያ ቤቱ ቀጠረህና ከተማ ለቀህ ሄድክ። አንድም ቀን አላነሣኸውም። ለሠርግም ለሌላም ስትመጣ በዚያች መኪና ስወስድህ የራዲዮውን መዘውር ነክተህ አታውቅም። እኔ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። ቴክኒሻኗ የሁለቱንም በሮች ሽፋን ፈታችና አንድ የራዲዮ ድንጋይ አመጣች። ድንጋዩን በስፒከሩ ሽቦ ጫፍ ስትነካው የስፒከሩ ሆድ ይንቀሳቀሳል። የቀኙ ወደ ውጭ ወጣ። የግራው ወደ ውስጥ ገባ።

«ይኸውልዎት» አለች። «የግራው ሽቦ ተገላብጦ ነው የገባው። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ቤዙን እርስ በርስ ይበላሉታል። ማነው የገጠመው?»

«ወንድሜ» አልኳት።

ያለ ምንም ማመንታት ነው ያልኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ትንሽ ደስም ብሎኛል። ዕቃው ባይሆን እንኳ ሥራው ላይ ተሳስተህ ኖሯል፤ እንግዲያው የዚያን ቀን ውሳኔዬ ትክክል ነበር ማለት ነው፣ ብዬ በልቤ ነገሩን ዘጋሁት።

ቤቴ ስገባ የድሮ ማስታወሻ ደብተሮቼን አወጣሁ። በየቀኑ ሦስት አራት መስመር የመጻፍ ልማዴን ታውቃለህ፣ «ጋሼ ስለ ራሱ ምስክር ያዘጋጃል» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። የፈለግኩት ቀኑን ለማረጋገጥ ብቻ ነው። ቅዳሜዋን አገኘኋት። እንዳለ ልገልብጥልህ፦

«ስፒከር ገጠምን። የቀኙን በር ጆሮ ሠራው፤ እያንዳንዱን ሽቦ እያገላበጠ ሲያይ አንድ ሰዓት ፈጀ። ውሃ ሊያመጣ ሲሄድ የግራውን እኔ በአሥር ደቂቃ ጨረስኩት። ቀይ በግራ፣ እንደ ሙቅ ውሃ። ምኑ ያስቸግራል? ድምፁ ግን ደካማ ነው። ዕቃው የማይረባ ነው። መደርደሪያውን ለቧንቧ።»

ቀይ በግራ። በእኛ ሥራ ሙቅ ውሃ ሁልጊዜ በግራ ነው፣ ምልክቱም ቀይ ነው። ቧንቧ ሲሸጥ የኖረ ሰው በእንቅልፉም አይስተውም። የስፒከሩ ጀርባ ላይ ግን ቀዩ ሽቦ የሚገባበትን የሚያሳይ የመደመር ምልክት ተቀርጿል፤ ምልክቱ ያለው ደግሞ በቀኝ በኩል ነው። እኔ አላየሁትም። ማየት አላስፈለገኝም፤ እጄ ያውቅ ነበራ።

እንደማላለቅስ ታውቃለህ። አላለቀስኩም። እራቴን በላሁ፣ ተኛሁም። ጠዋት ግን ሱቄን ሳልከፍት ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።

«እኔ ነኝ» አልኳት ገና ቁልፉን ስታወጣ።

«ምኑን?»

«የግራውን በር የገጠምኩት። ወንድሜ አይደለም።»

አየችኝ። «ታዲያ ጋሼ፣ ስፒከሮቹ ይሄን ሁሉ ዓመት ሲጣሉ ምንም አልተሰማዎትም?»

«ተሰምቶኛል። ስፒከሮቹን ስሰድብ ነበር።»

ሽቦውን አገላብጣ ስታስገባው አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ከዚያ ከፈተችው። ጆሮ፣ እንዴት ልበልህ፤ ድምፁ ከበሩ መምጣቱን ተወና ከፊቴ መጣ፤ ቤዙ የወንበሩን ጀርባ አልፎ ደረቴ ውስጥ ገባ። አሮጌው ቴፕ ላይ ነው ይሄ ሁሉ፤ ገና አዲሱ አልተገጠመም። እሷም ጣቷን በስፒከሩ ጠርዝ ላይ አዙራ «ላስቲኩ አልደረቀም። እነዚህን የመረጠ ሰው ያውቅበታል» አለች።

«ወንድሜ ነው» አልኳት። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው፤ አሁን ግን እውነቴን ነበር።

የገዛኋቸውን አዲስ ስፒከሮች መለስኩ። ቴፑን ቀየርን፣ አምፕሊፋየሩን ከወንበሩ ኋላ አስገባን፣ አንተ የመረጥካቸው ግን በየበራቸው ቀሩ።

ከጋራዡ በቀጥታ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄድኩ። አሁንም እዚያው ነው፤ እሱም አርጅቷል፣ የሚያስተካክለውም ፀጉር እየሳሳበት ነው። ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጦ፣ ሁለት ሰው ተራ እየጠበቀ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሰው ፊት ያልኩትን ሰው ፊት ማንሳት ነበረብኝ። መቀሱን አቁሞ ሲሰማኝ ቆየና «እና ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቀዝቃዛ ውሃ ስትታጠብ ኖረህ ስፒከሩን ትከሳለህ በለኛ» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ይገባኛል ብዬ ተቀበልኩት። ወደ በሩ ስሄድ ግን ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም ስቄ ነበር፤ ስትጽፍለት ንገረው» አለኝ። ይኸው ነገርኩህ።

ለእማዬም ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» አለች። «እኔ በር ልፍታ ብዬ አልተከለከልኩም።»

ይሄ ደብዳቤ የመጣው ከዚያ ነው።

አሁን እንደ ነጋዴ ልናገርህ፣ ማሽሞንሞን አልችልበትም። እኔ ባልከለክልህ ኖሮ ሀብታም ትሆን ነበር አልልህም። በመንገዳችን ላይ ሁለት የቴፕ ሱቆች ተከፍተው ተዘግተዋል፤ የአንተም ሊዘጋ ይችል ነበር። ግን መክሰሩም ማትረፉም የአንተ ይሆን ነበር። የወሰድኩብህ እሱን ነው። ማተሚያ ቤት ጥሩ ሰው ሆነሃል፣ ልጆችህም ያኮራሉ፤ አላዝንልህም፣ ማዘኔንም አትፈልገውም። ይቅርታ ግን የምጠይቅህ ለስፒከሩ አይደለም፤ ያንን ማንም ይሳሳታል። አምስት ደቂቃ ለምነኸኝ ስለነፈግኩህ ነው። አንተ ሰምተህ ነበር፤ እኔ አልሰማሁህም።

ሌላ አንድ ነገር አለ። ሥራው ሲያልቅ ቴክኒሻኗ «የቀረው ማስተካከያው ነው» አለችኝ። አዲሱ ቴፕ ውስጥ ቀጭኑን፣ ወፍራሙን፣ የግራ የቀኙን የሚያመጣጥን ብዙ ነገር አለ። «አሥር ደቂቃ ይቀመጡልኝ፣ በጆሮዬ ላስተካክልልዎ» አለች።

«ተይው» አልኳት።

«እንዲሁ ሊነዱት ነው? ይጮህብዎታል እኮ።»

«የሚያስተካክለው ሰው አለኝ።»

እንዳለችውም ይጮሃል። ዜና አንባቢዋ «ስ» ባለች ቁጥር ጎማ የሚተነፍስ ይመስለኛል። ልጄ ትናንት ልታስተካክለው እጇን ስትሰድ መታ አደረግኳት፤ «አባዬ ደህና አይደለህም» ብላ ስልኳን አወጣች። እኔ ግን ሰሞኑን ከሱቅ ወደ ቤት የምሄደው በረጅሙ መንገድ ነው። ደስ ብሎኛል፣ ምን ልደብቅህ።

ና ብዬ አላዝህም፤ ማዘዙን ድሮ ጨርሼዋለሁ። ፈቃድ ያገኘህ ጊዜ ግን መጥተህ ወንበሩ ላይ ተቀመጥና የፈለግከውን ያህል ሰዓት ፍጅ። እኔ ከመኪናዋ ወርጄ እቆማለሁ፤ ምንም አልናገርም። እስከዚያው ማንም አይነካውም፣ እንዲሁ እየጮኸ ይጠብቅሃል።

ሳያይ የገጠመው ታላቅ ወንድምህ