ስሟ የተፋቀ ሸክላ

ዓርብ፣ ግንቦት 2/94፣ ረፋድ

አሥራ አንደኛውን ሸክላ እያጠብኩ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የሳሙና አረፋ፣ ጥጥ። ዓርብ የሬዲዮ መጠገኛዬ ዝግ ነው፤ ስለዚህ ዓርብ የሶል ሙዚቃ ቀን ነው፣ ታውቃለህ ደብተሬ። ካርቱም አቧራዋን ሸክላዎቼ ላይ ካላራገፈች እንቅልፍ አይወስዳትም። ጎረቤቴ ያለው ቡና ቤት የኦርጋን ካሴቱን ያስጮኻል። ሙዚቃ ነው ይላሉ። ሰፈራችን ዴም በሙሉ ጆሮ የለውም።

ቁጥር ዘጠኝን ከሽፋኗ አወጣኋት። ጎብጣለች! ትናንት ካህረባ፣ መብራቱ፣ ሲጠፋ በሙቀቱ ተማርሬ መስኮቱን ከፍቼ ወጣሁ። ፀሐዩ በቀጥታ እሷ ላይ ነበር። አሁን መርፌው አዝማቹ ጋ ሲደርስ ይዘላል። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴ ዘለለ። ወንበሩን በእርግጫ መታሁት፤ እግሬን አሞኛል።

ሌላ ሸክላ ቢሆን ግድ የለኝም። ይቺን ግን አ.አ. ሸክላ አጫዋች በነበርኩበት ክለብ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያጫወትኳት ቅዳሜ፣ ሮማን ናት ከወንበሯ ብድግ ያለችው። ያኔ እጮኛዬ፣ በኋላ ሚስቴ። መድረኩ መሃል ብቻዋን ጨፈረች፤ እኔ ከማሽኑ ጀርባ ሆኜ አየኋት። እዚሁ ካርቱም ከቀበርኳት አራት ዓመት ሆነ። ፎቶ መነሣት አትወድም ነበር። ልቧ ሞልቶ ያየኋት በዚህች ዘፈን ነው፤ እሷም ይኸው ጎበጠች።

እሑድ፣ ግንቦት 4

ሐያት መጣች። የግቢያችን ልጅ፣ ወሎዬ፣ አል-ማንሺያ ሰው ቤት የምትሠራው። ማዳሟ ዓርብ ለንደን ትሄዳለች አሉ። እዚያ የአሮጌ ሸክላ ሱቅ ሞልቷል። ስለ ጎበጠችው ሸክላዬ ነገርኳት። «ጋሼ፣ ያላ፣ የዘፈኑን ስም ይጻፉልኝ፤ ማዳም ኢንሻአላህ ታመጣልዎታለች» አለች። ወረቀቱ እስከ ሐሙስ ማታ እጇ መግባት አለበት።

አፈርኩ። ስሟን አላውቀውም።

ሳቅብኝ። ያኔ ሸክላ አጫዋች ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነበር፤ አዲስ ሶል ካገኘህ መሃሉ ላይ ያለችውን ክብ ወረቀት ትሸፍናለህ፤ ሌላው አጫዋች ስሙን አንብቦ ሄዶ እንዳይገዛ። እኔን መሸፈን አልበቃኝም። በምላጭ ፋቅሁት። በላዩ ፕላስተር ለጠፍኩበት። ከአፌ እንዳያመልጠኝ ደግሞ ቁጥር ዘጠኝ፣ ቁጥር ዘጠኝ እያልኩ ራሴንም አስረሳሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ።

ለሐያት ዜማውን አንጎራጎርኩላት። ሳቀች። ማዳም ይህን ለንደን ድረስ በአፏ ተሸክማ ልትሄድ ነው ወይ አለችኝ። ውጪልኝ አልኳት።

ያው ቀን፣ ማታ

ስሟን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ሌባው።

ደግሞ እሱን ላስታውስህ። እዚያው ክለብ እኔ ቅዳሜ፣ እሱ እሑድ እናጫውት ነበር። ቁጥር ዘጠኝን በገዛሁ በሁለት ሳምንቱ የራሱን ገዝቶ እሑድ ማታ ለቀቃት! ሳልፍቃት በፊት የሸክላ ሻንጣዬን ክለብ አሳድሬ ነበር፤ ከፍቶ አንብቧል እንጂ ከየት ያመጣታል? አንድ ጥርሱን አወለቅኩለት። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም። ስደት ደግሞ ቀልደኛ ነው፤ ከእኔ ሁለት መንገድ አልፎ ልብስ ሰፊ ሆኖ ተቀምጧል።

እሱን ከምለምን ሞቼ ልገኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

አልሄድኩም። በሩ ላይ ሁለቴ አለፍኩ፣ ያ መሄድ አይደለም። ቲማቲም ልገዛ ነበር። ሳልገዛ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7፣ ከሰዓት

ሄድኩ።

ጀለቢያ እየሰፋ ነው። ቀና አላለም። በሬዲዮ ሠሪነቴ ስፌት ማሽኑ ይንጫጫል ልለው አሰብኩ፤ ተውኩት። የዚያችን ዘፈን ስም ንገረኝ አልኩ። የቷን አላለም። ስሟን ከነዘፋኟ ወዲያው ተናገረ፣ ቁራጭ ወረቀት ላይም በልብስ ሰፊ እርሳስ ጻፈልኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አፉ ላይ ነበረች።

ይዤ መውጣት ነበረብኝ። ምላሴ መቼ ያርፋል! ሌባ መሆንህን ዛሬ በእጅህ ፈረምክ አልኩት።

ያኔ ማሽኑን አቆመ። ሻንጣህን አልነካሁም አለ። ስሙን ሮማን ናት የሰጠችኝ አለ። እውነት ነው፣ እኔ ሸክላውን ስገዛ አብራኝ ስለነበረች ስሙን አንብባዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ ከማሽኑ ንቅንቅ አትልም፤ ብቻዋን መጨፈር ሰልችቷት እሑድ እየመጣች ከሰው ጋር ትጨፍር ነበር አለኝ። ያቺን ዘፈን እሑድም መስማት ፈልጋ ስሟን ጽፋ ሰጠችው። እንዳይነግረኝም አስምላዋለች። «ጥርሴን ስታወልቀው እንኳ አፌን አልከፈትኩም» አለ።

ታዲያ ዛሬ ምን አስከፈተህ አልኩት። ሌባ መባል ታከተኝ አለ። ማሽኑን መርገጥ ቀጠለ።

ያው ቀን፣ ማታ

ውሸቱን ነው ብዬ ልጽፍልህ ብዕር አነሣሁ። አልቻልኩም። ንቅንቅ አትልም ያለው እውነት ነዋ። እጮኛዬ ብቻዋን ስትጨፍር ከማሽኑ ጀርባ ቆሜ ኩራት ይሰማኝ ነበር። ኩራት! ደደብ።

በሮማን ግን አብጃለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ያን ሰው ስረግም አጠገቤ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ተው አታውቀውም ብትለኝ ምን ነበረበት? ከዚያ ደግሞ አስባለሁ፤ ብትነግረኝ ምን አደርጋት ነበር? ይህን ማሰብ አልፈልግም። አልጋ ላይ መውጣትም አልፈልግም። እወድሻለሁ ያልኳትም ስንቴ እንደሆነ አላስታውስም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8፣ ከመግሪብ በፊት

ሐያት በር ላይ ቆማለች፤ ሪክሻው እየጠበቃት ነው፣ ያላ ጋሼ ትላለች። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ መልሼ ከተትኩ። እንደገና አወጣሁ። በራሴ ብዕር ከስሙ ሥር «ሁለት» ብዬ ጨመርኩበትና ሰጠኋት።

ሁለተኛው ለማን ነው አለችኝ። ለሌባው ልል አፌን ከፈትኩ።

ለተድላ አልኳት። ይኸው፣ ደብተሬ፣ አንተም ላይ ስሙን ጻፍኩት።