የሚኒባሷ ደረጃ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። «አስቀድመህ እሱን ጻፍላት» ያለችኝ እናትሽ ናት።

ግቢ ውስጥ ቆማ የዛገችው፣ አልጋና ምድጃ ያላት አሮጌዋ ሚኒባሳችን ነፍስ ዘርታለች። ወለሏን በአዲስ ላሜራ በየድኩት፤ ሞተሯም እያስነጠሰው ይነሳል።

ያስቸገረኝ የበሯ ደረጃ ነው። መጀመሪያ ከፍ አለብን፤ ቆርጬ ዝቅ አደረግኩት። ባለፈው ሳምንት እንደገና ዝቅ አደረግኩትና የእጅ መያዣ ብረት በየድኩበት።

«ዕድሜህን ሙሉ በር ስትበይድ ኖረህ አንዲት ደረጃ መለካት አቃተህ?» አለችኝ እናትሽ።

«ዓይኔ ደክሟል፣ ምን ላድርግ» አልኳት።

ሳቀችብኝ። ከዚያ ክንዴን ይዛ ቀስ ብላ ወጣች።

አልጋውንም ወደ መስኮቱ አስጠግቼዋለሁ፤ ጋደም ብላ መንገዱን እንድታይ። «ልጄ ስትመጣ ሐይቁ ዳር ነው የምናድረው» ትላለች።

ፈቃድሽን ለዓመቱ መጨረሻ አስቀምጬዋለሁ ብለሽ ነበር። አሁን ብትወስጂውስ? መኪናዋ ስለደረሰች ነው እንጂ ሌላ ነገር ኖሮ አይደለም።

እናትሽ ጉንጭሽን በእኔ በኩል ስማሻለች፤ እኔም ግንባርሽን ስሜሻለሁ። በሰላም ያገናኘን።

አባትሽ

እንዳልረሳው፦ ስለ ዓይኔ አታስቢ፤ እንደ ድሮው ደህና ነው። ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪያት።