የአብርሆት ማኅበርና አንቀጽ አሥራ አንድ

ለልጄ ለዮናታን ወልደ ማርያም፤ ባለህበት ሰላምህ ይብዛልኝ።

እንዴት ነህ ልጄ? ሰውነትህ እንዴት ነው? የሰመራ ሙቀት ትንሽ በረድ አለልህ ወይስ እንደ ሰኔው ነው? ያ ዓይንህን የሚያቃጥልህ አቧራ ተሻለህ? ምሳህን በሰዓቱ ትበላለህ? መንገድ ሥራ ላይ አብረውህ ያሉት ጓደኞችህስ ደህና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የእኔ ጉልበት ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይለኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። አባትህንም ያ ሳል ለቆታል። ዝናቡ ዘንድሮ እስከ ኅዳር አልወጣልንም ነበር፤ አሁን ፀሐይ ወጥታ ልብስ ማድረቅ ጀምረናል። ሐዘኑ ግን ያው ነው። ማታ በሩን ስዘጋ አብርሆት ገብታለች ወይ ብዬ ዞር እላለሁ፤ ሰባት ወር ሆኖኝም ይህን አልተውኩም።

ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ካቆምኩ ወዲህ ከሴቶች ዕድራችን የቀሪዎች ደብተር በቀር ብዙ ጽፌ ስለማላውቅ እጄ ይዘገያል። ታገሰኝ። ባለፈው በስልክ «እማዬ፣ አንቺ የባለሙያ ስብሰባ ውስጥ ገብተሽ ምን ትሠሪያለሽ? ሳያስወጡሽ ራስሽ ውጪላቸው፤ የሰው መሳቂያ አትሁኚ» አልከኝ። መልስ አልሰጠሁህም። በስልክ የእህትህን ስም ሳነሳ እኔም ድምፄ ይቆረጣል፣ አንተም ዝም ትላለህ፤ ሁለታችን ዝም ስንል ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ መልሴን በወረቀት ልስጥህ። ለእኔ ክብር ብለህ እንደተናገርክ አውቃለሁ፤ ግን ነገሩን ከሥሩ ስላልነገርኩህ አልፈርድብህም።

እህትህ የሰው ሀብት ባለሙያ ነበረች ሲሉ ሥራዋ ወረቀት ማገላበጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የገባኝ በጣሰው ጉዳይ ነው። ጣሰው መጀመሪያ ቢታ ገነት በኩል የትምህርት ቤት ዘበኛ የነበረ፣ በኋላ ወደ ቦንጋ የተዛወረ ሰው ነው። ጡረታ ሊወጣ ሲል የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ዓመታት የተቀጠረበት ደብዳቤ ከግል ማኅደሩ ውስጥ ጠፋ። ወረቀቱ ከሌለ ዘጠኝ ዓመት እንዳልሠራ ሊቆጠርበት ነው። አብርሆት ቢታ ገነት ማንንም አታውቅም ነበር። ስልክ እየደወለች፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተመራች፣ ውባየሁ የምትባል የዚያው ወረዳ የሰው ሀብት ሠራተኛ አገኘች። ውባየሁ አሮጌ ዕቃ ቤት ገብታ ስትፈልግ ከረመች፤ ደብዳቤው ከካርቶን ሥር ተጣብቆ ተገኘ። ያን ቀን አብርሆት ቤት ስትገባ «እማዬ፣ ከቦንጋ እስከ ቢታ አንድ ዓይነት ሥራ እየሠራን አንተዋወቅም። ብንተዋወቅ ኖሮ ሰውዬው ሁለት ወር ባልተንከራተተ» አለችኝ።

ማኅበሩ የተጀመረው ከዚህ ነው። በየሁለት ወሩ አንድ ቅዳሜ፣ አንዴ ቦንጋ፣ አንዴ ሺሺንዳ፣ አንዴ ቢታ ገነት ይገናኛሉ። አዲስ መመሪያ ሲወጣ አብረው ያነቡታል። ለሥልጠና ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ የተላከ ሰው የተማረውን በሚቀጥለው ስብሰባ ለሌሎቹ ማስተማር አለበት። ድሮ እኮ ሥልጠና የሄደ ሰው ቦርሳና ሰርተፍኬት ይዞ ይመለሳል እንጂ ምን ተማርክ የሚለው አልነበረም። በቴሌግራምም ቡድን አላቸው፤ አንዱ የቸገረውን ሲጠይቅ ከሌላ ወረዳ መልስ ይመጣለታል። ክፍት የሥራ ቦታ ሲወጣም ይነጋገሩበታል።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ማኅበሩ ሲቋቋም መተዳደሪያ ደንብ ያስፈልግ ነበርና አብርሆት የእኛን የዕድር ደንብ አውሺኝ አለችኝ። ዕድር ልትገባ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሰጠኋት። እሷ ግን ቁጭ ብላ ገለበጠችው። ዕድርተኛ የሚለውን አባል አለችው፤ ቀብር የሚለውን ሥልጠና አለችው። ከቀብር የቀረ ይቀጣል የሚለውን ከሥልጠና የቀረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ለሁሉም ዳቦ ይዞ ይመጣል ብላ አሻሻለችው። አንቀጽ አሥራ አንድን ግን ሳታስተካክለው አለፈች። እዚያ ላይ አባል በሞት ሲለይ አባልነቱ ለቤተሰቡ ይተላለፋል ይላል። ለዕድር ልክ ነው። ለባለሙያ ማኅበር ግን እንዴት ይሆናል? ማንም አላስተዋለውም፤ ማን ይሞታል ብሎ ያስባል።

እሷ ካረፈች በኋላ በሰኔ ሲሰበሰቡ አምስት ሰው ብቻ መጣ። ሰብሳቢው አቶ ገሠሠ ለነጥብና ለሰረዝ የሚጨነቅ ሰው ነው። ጸሐፊያችን ስለሞተች ምን እናድርግ ብሎ ደንቡን ሲያነብ አንቀጽ አሥራ አንድ ላይ ደረሰ። መጀመሪያ ሳቁ አሉ። ኋላ ግን ከሺሺንዳ የመጣው ሰላሐዲን፣ ቡና ማዘጋጃ ድርጅት ውስጥ የሰው ሀብት ኃላፊ ነው፣ «በእጇ የጻፈችውን ማን ደፍሮ ይሰርዛል?» አለ። እንዲህ ሆኖ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ወጣልኝ። ውባየሁ ራሷ ይዛው መጥታ «እትዬ ይመኙሻል፣ ደንቡ ያስገድደናል፣ አባል ነዎት» አለችኝ። እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ አባትህ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብቦ ደመወዝ አለው ወይ ብሎ ጠየቀ።

መጀመሪያ የሄድኩት በነሐሴ ሺሺንዳ ነበር። ጥቁር ልብሴን ለብሼ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ምዘና፣ ስለ ደረጃ ዕድገት፣ ስለ ዝውውር ይናገራሉ፤ ግማሹ አልገባኝም። የስም መፈረሚያው ሲደርሰኝ የሥራ መደብ የሚል ቦታ አለው። ምን ብዬ ልጻፍ? ሰላሐዲን ጎንበስ ብሎ «ዝም ብለው ኃላፊ ይበሉ፣ እዚህ ያለነው ሁሉ እንደዚያ ነው የምንለው» አለኝ። የአብርሆት እናት ብዬ ጻፍኩ። ያ ወረቀት አሁንም ማኅበሩ ፋይል ውስጥ አለ።

ከዚያ የቀሩት ስንት ናቸው ብዬ ስጠይቅ ሃያ ሁለት ነው አሉኝ። ለምን ቀሩ ስል የሚያውቅ የለም። ዮናታን፣ እኔ ስለ ምዘና አላውቅም፣ የቀረ ሰው ፈልጎ መጠየቅ ግን ሃያ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ። አንድ በአንድ ደወልኩ። «የአብርሆት እናት ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ አላየሁህም፣ አመመህ ወይ?» እላለሁ፤ ሌላ አልልም። አንዱ መኪና አጥቼ ነው አለ፤ ከሺሺንዳ ከሚመጣ ጋር አገናኘሁት። አንዷ አራስ ነበረች፤ አጥሚት ይዤ ሄድኩ። አንዱ እሷ ከሌለች ምን ዋጋ አለው አለኝ፤ እኔ እያለሁ አልኩት። በጥቅምት አሥራ ዘጠኝ ሰው መጣ። በታኅሣሡ ደግሞ ሠላሳ አንድ ሰው። አቶ ገሠሠ ቆጥሮ ጨርሶ እንደገና ቆጠረ። ወንበር አንሶ ከጎረቤት አመጣን። ያን ሁሉ ሰው ሳይ ልጄ ሙሽራ ሆና የወጣች ያህል ደስ አለኝ።

ይሁን እንጂ ከታኅሣሡ ስብሰባ በፊት አቶ ገሠሠ ቤታችን መጣ። ስለ ዝናብ አወራ። አባትህ ሻይ ቀዳለት፤ እንደገና ስለ ዝናብ አወራ። በመጨረሻ ተናገረው። ማኅበሩ በሕግ ከተመዘገበ ከዩኒቨርሲቲ አሠልጣኞች በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጡላቸዋል፣ ለወጣቶቹም የታወቀ ሰርተፍኬት ይሰጣቸዋል። ምዝገባው ክፍል ደንቡን ያየው ሰው ግን አባል መሆን ያለበት ባለሙያ ብቻ ነው፣ አንቀጽ አሥራ አንድ ይውጣ ብሏል። ጉዳዩ ድምፅ ሊሰጥበት ነው። ላንተ በስልክ የነገርኩህ ይህን ነበር፤ አንተም ሳያስወጡሽ ውጪ ያልከኝ ለዚህ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ከፋኝ። ያቺ ወንበር ለእኔ ስብሰባ አይደለችም፤ ልጄ የተቀመጠችበት ቦታ ናት። እሷ ላይ ስቀመጥ የሞተች አይመስለኝም። ሁለት ቀን እህል አልበላ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ያንተ ነገር ትዝ አለኝ።

ያን ጊዜ እህትህ መሥሪያ ቤት ለዳሰሳ ሥራ ክፍት ቦታ ወጥቶ ማመልከቻህ ምዝገባው በተዘጋ ማግሥት የደረሰውን አልረሳኸውም። አብርሆት አልመዘግብም አለች። እኔ እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ወንድምሽ ነው፣ አንድ ቀን ምናላት፣ ማን ያያል አልኳት። «እማዬ፣ በዚያው ቀን ዘግይተው መጥተው የመለስኳቸው ሁለት ልጆች አሉ። እነሱም እናት አላቸው» አለችኝ። ሳምንት አኮረፍኳት። አንተ በወሩ ሰመራ ሄድክ፤ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር እንጂ ከእሷ ጋር አላወራህም። በግንቦት ለቀብሯ፣ በሰኔም ለአርባዋ አልመጣህም። መንገድ ተዘግቶ ነው አልከኝ፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩህም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ። በሕይወት እስካለሁ እንዳትነግሪው ብላ አስምላኝ ነበር። የሰመራውን የሥራ ማስታወቂያ ጎረቤታችን ጋሽ ፈለቀ ሰሌዳ ላይ አየሁ ብሎ ነበር ያመጣልህ። ጋሽ ፈለቀ ሰሌዳ አላየም። አዳማ ሥልጠና ላይ የተዋወቀቻት የሰመራ ሴት ናት ለአብርሆት የላከችላት። እሷ ናት በእጇ ገልብጣ ለጋሽ ፈለቀ የሰጠችው፤ የምዝገባውንም መጨረሻ ቀን ሁለት ጊዜ ያሰመረችበት። ስለ አንተ ለሴትዮዋ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ወንድሜ ነው እንኳን አላለችም። ፈተናውን ያለፍከው አንተ ነህ። የቀረኸው ከዚህች እህትህ ነው ልጄ።

ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ቅዳሜ ቦንጋ ተሰበሰቡ። አቶ ገሠሠ አንቀጹን ማንበብ አቃተው፤ መነጽሩን ሲጠርግ ቆየ። አንዲት ልጅ እንዳለ ይቆይ፣ ሰርተፍኬቱ ይቅርብን አለች። ሌሎችም አዎ አዎ አሉ። እኔ ተነሣሁ። ስምህን ሳልጠራ የዘገየውን ማመልከቻ ታሪክ ነገርኳቸው። ልጄ ለሥጋ ዘመዷ ያልሰጠችውን ቦታ እኔ በሥጋ ዝምድና ይዤባት አልቀመጥም፤ እዚህ ያሉት ልጆችም እናት አላቸው አልኩና መጀመሪያ እጄን አወጣሁ። ሰላሐዲን መሬት መሬት ያይ ነበር። ውባየሁ እያለቀሰች እጇን አወጣች። ከዚያ ሁሉም።

ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ ስል አቶ ገሠሠ ይቆዩ አለኝ። «አንቀጽ አሥራ አንድ ተሰርዟል። አባል መሆን የሚችለው ባለሙያ ብቻ ነው። ቀሪ የሚጠይቅ ሰው ግን ባለሙያ መሆን አለበት የሚል ነገር አላገኘሁም፤ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አለ። ሰላሐዲን «ሦስተኛ እንዳታነበው» አለው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እንግዲህ አባል አይደለሁም፣ የቀሪዎች ደብተር ግን በእጄ ነው። የመጀመሪያው ሥልጠና በየካቲት ነው፤ የሚጀምረውም በግል ማኅደር አያያዝ ነው። ጡረታውን ያገኘው ጣሰው አሁን ማንኪራ ንብ ያረባል፤ ሰምቶ ለእንግዶቹ ማር እኔ አመጣለሁ ብሏል።

አባትህ ወልደ ማርያም ሰላም ብሎሃል፤ ራዲዮውን አንተ ካልጠገንከው ለሌላ አልሰጥም ብሏል። አክስትህ ተሾመች በናፍቆት ትስምሃለች። ጋሽ ፈለቀም ሰላም ብሎሃል፤ ምስጢሩን አምስት ዓመት በመያዙ ሊመሰገን ይፈልጋል። ውባየሁ አይታህ አታውቅም፣ ግን የአብርሆት ወንድም ስለሆንክ ሰላም በዪልኝ ብላለች።

ከመዝጋቴ በፊት ሥራዬን ልሥራ። በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ስምህን ጽፌዋለሁ። በግንቦት አላየሁህም ልጄ፣ አመመህ ወይ? የእህትህ ሙት ዓመት ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ነው። ፈቃድህን ከአሁኑ ጠይቅ፣ ቀኑ እንዳያልፍብህ። በደንቡ የቀረ ሰው ዳቦ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ዳቦውን እኔ እጋግርልሃለሁ፣ አንተ ብቻ ና።

እናትህ ይመኙሻል
ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.