የአርባ ስምንቱ ሸክላ ነገር

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፤

«ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው ሁለት ወር ሙሉ ድምጿ የጠፋው?» ብለው እማዬን ሳይጠይቁ እንዳልቀሩ አውቃለሁ። አለሁ አባዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ በአካል ደህና ነኝ። እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሳሉስ ተወዎት? የሰላ ድንጋይ ብርድ ዘንድሮ ጠና ሲሉ ሰማሁ፤ ያንን ወፍራም ጋቢ ከላይዎ እንዳያወርዱ። መድኃኒቱንም «ዋጥኩ» እያሉ እማዬን እንዳያታልሉ። በስልክ እንዳልጠይቅዎ ጆሮዎ እምቢ አለን። ያ የላብራቶሪው ድንጋይ መፍጫ ከጡረታዎ በፊት ጆሮዎን ወስዶ አስቀረው። ይሄንን በአፌ ብነግርዎ ይሻል ነበር ልል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን በአፌ አልችለውም።

ሥራ እስካገኝ ብዬ ሲኒማ ራስ አጠገብ ከጋሽ ኑሪ ሱቅ መግባቴን ያውቃሉ። ሳህኑ፣ ብርጭቆው፣ ሲኒው፣ ሁሉም በመርከብ የመጣ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ሳህን ባነሳሁ ቁጥር ገልብጬ ጀርባውን ካላየሁ፣ በጥፍሬ መታ አድርጌ ድምፁን ካልሰማሁ አልወድም። ጋሽ ኑሪ «አንቺ ልጅ፣ ሳህኑን ሽጪው እንጂ አትመርምሪው! ደንበኛው የታመመ መስሎት ይሄድብናል» እያሉ ይስቁብኛል። እኔ የማስበው ግን አፈሩን ነው። እርስዎ በወጣትነትዎ ከየአገሩ የመጣውን አፈር፣ አሸዋና የኖራ ድንጋይ ሲፈጩ፣ ሲያጣሩ፣ ሲተኩሱ፣ የትኛው ለብርጭቆ፣ የትኛው ለሲሚንቶ፣ የትኛው ለሳህን እንደሚሆን ገና ማንም ሳያውቀው ሲፈትኑ የኖሩበትን ዘመን ነው። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ የእርስዎን ደብተር ያህል ያስደነቀኝ የለም። «ቁጥር 31። ነጭ። አልተሰነጠቀም። ውሃ አልጠጣም።» ይቺን መስመር ስንቴ እንዳነበብኳት ቢያውቁ!

በኅዳር መጨረሻ ሳልነግርዎ ደብተሩን ይዤ ወደ አንድ የምርምር ተቋም ሄድኩ። አንድ ነገር ሲሆን ደስ ላሰኝዎት ብዬ ነው። ዶክተር ጴጥሮስ የሚባሉ ሰው ተቀበሉኝና ቆመው ማንበብ ጀምረው፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ወንበር ሳቡ። «ይሄን የጻፉት ሰው በሕይወት አሉ?» አሉኝ። «አባቴ ናቸው፤ አሉ» ስላቸው ተነስተው እጄን ጨበጡኝ። አባዬ፣ ያኔ አጠገቤ በነበሩ! ችግሩ ደብተሩ ውጤቱን እንጂ ቦታውን አይናገርም። የቦታው መዝገብ እርስዎ የሠሩበት መሥሪያ ቤት ሲዘጋ እንደጠፋ፣ አፈሩ የተቆፈረበት አገር ስም ያለው ለሙከራ በተተኮሱት ሸክላዎች ጀርባ ላይ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ሸክላዎቹን አምጪልኝ» አሉ። «ቦታው ከታወቀ ሄደን እንቆፍራለን፤ አንቺም ከእኛ ጋር ትሠሪያለሽ።» ከዚያ ወጥቼ ታክሲ መያዝ ረስቼ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በእግሬ ነው የመጣሁት።

ሸክላዎቹ ያሉበትን ሳጥን «እኔ ሳልኖር ከእትዬ የሻሽወርቅ ቤት እንዳይነሳ» ብለውኝ ነበር። አልረሳሁትም። አክስቴም «ወንድሜ ለፋሲካ ይመጣ የለ? ምን እሳት ለኮሰብሽ?» ብለውኛል። የእኔን ነገር ያውቁታል፤ ዛሬ የሰማሁት ትናንት ሆኖ ካላደረ እንቅልፍ የለኝም። ታኅሣሥ 14 ቀን ጠዋት በጋሪ አስጭኜ ወደ ሱቁ ወሰድኩት፤ ከሰዓት በኋላ ለዶክተሩ ላደርስ። ክዳኑ ላይ በቀይ ቀለም «ሸክላ፤ ከ1 እስከ 48፤ እንዳይሰበር» ያሉት ጽሑፍ እንደ አዲስ ይታይ ነበር።

ዛኪር የሚባል ደላላ አለ። ከጎረቤታችን ሱቅ ደጃፍ አይጠፋም፤ ምላሱ ፈጣን፣ ልቡ ግን ክፉ አይደለም። «ፀዲ፣ ምን ጭነሽ መጣሽ?» አለኝ። «የአባቴን ሸክላ ነዋ!» «የድሮ?» «በጃንሆይ ጊዜ የተሠራ።» «ስንት ይሆናል?» «አርባ ስምንት።» «አንድም ሳይሰበር?» «አንድም!» «ሱብሃነላህ! ይሄማ ወርቅ ነው፤ የሚያውቅለት ሰው አገኘሽ?» «አንድ ዶክተር አውቀውልኛል፤ ሁለተኛ የለውም» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። ሸክላ ማለት ዘፈን የተቀዳበት ጥቁሩ ሸክላም እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። ዛሬ መርካቶ ውስጥ ሰብሳቢዎች እርሱን እንደ ጉድ ነው የሚፈላለጉት። እኔ ስለ አፈር ሳወራ እሱ ለካ ዘፈን ነው የሚሰማው።

ደብተሩን ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ብዬ ወጣሁ። ወረፋ ነበር፤ ዘገየሁ። ዛኪር በእሱ ቤት «ከዶክተሩ የተሻለ ሰው ላምጣላት» ብሎ፣ ለጋሽ ኑሪም «ፀዲ ታውቃለች» ብሏቸው፣ ሳጥኑን በኩሊ አሸክሞ ሶማሌ ተራ ወዳለ አንድ ሸክላ ሰብሳቢ ይዞት ሄዷል። ሰው ከቧቸው ክዳኑ ሲከፈት የተተኮሰ ጭቃና በጠርሙስ የተሞላ ነጭ የአፈር ዱቄት! ሰብሳቢው «ዛኪር፣ ይሄን ደግሞ በየትኛው ማጫወቻ ነው የምሰማው?» ሲለው ሰፈሩ ሁሉ ሳቀበት። ዛኪርም ሆን ብዬ የተጫወትኩበት መሰለው። በንዴት ሲመለስ መንገዱ ዳር መሠረታቸውን በጠጠርና በስብርባሪ የሚሞሉ ግንበኞች አገኘ፤ እዚያው ገልብጦ ደፋላቸው። ባዶውን ሳጥን እግሬ ሥር አስቀምጦ «እንኪ፤ ዘፈንሽ አለቀ» አለኝ።

ምን እንደነበር ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ተያይዘን ሮጥን። ስንደርስ ኮንክሪቱ እየተደፋ ነው። «ቁሙ! ቁሙ!» እያልኩ ጮህኩ። ፎርማኑ ግራ ተጋብቶ «እህቴ፣ ለአፈር ነው እንዲህ የምታለቅሺው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ? ዛኪር ሱሪውን ሳይሰበስብ ገብቶ በእጁ ይቧጥጥ ጀመር፤ ጎትተው አወጡት። ከዳር ሦስት ስባሪ አገኘን። በሁለቱ ላይ ምንም የለም። በሦስተኛው ላይ በእርስዎ እጅ ጽሑፍ «ወንዝ ማዶ» ይላል፤ የወንዙ ስም ከሌላው ግማሽ ጋር ሄዷል። የቀረውን በዚያች ጠዋት ሲሚንቶ ዋጠው።

ዛኪር በማግስቱ እትዬ የሻሽወርቅ ቤት መጥቶ «ወላሂ እትዬ፣ ሙዚቃ መስሎኝ ነው» እያለ በሩ ላይ ቆመ። አክስቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ቆይተው ግን «ግባ፣ ብርድ ላይ አትቁም» አሉት። እኔ እሱን አልወቅሰውም። «ናሙና» ብል ኖሮ ማንም ባልነካው ነበር፤ ቃሉም ጥድፊያውም የእኔ ነው። ዶክተር ጴጥሮስ ነገሩን ከሰሙ በኋላ «ያለ ቦታው ቁጥሩ ምንም አይነግረኝም። አባትሽ የሚያስታውሱት ካለ እስከ ሚያዝያ እጠብቃለሁ» አሉኝ። ሁለት ወር ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። አንድ ቀን ደብዳቤ ጀምሬ እቀደዋለሁ፣ ሌላ ቀን ደግሞ እርስዎ ሳያውቁ ይለፍ እላለሁ። ሊሆን አልቻለም።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ፤ ልደብቅዎ አልችልም። መስከረም ላይ ስመጣ ሁለት ጊዜ በሟች እህትዎ ስም ጠሩኝ። የትናንቱ እየሸሸዎት ነው። ግን የዚያኑ ዕለት አፈሩን በበቅሎ ጭነው ያለፉባቸውን ቀበሌዎች እየቆጠሩ ሲነግሩኝ አንድም አልተደናገሩም፤ እኔ ሞኟ ወረቀት እንኳ አልያዝኩም።

እማዬን አንገቷን አቅፈው ይሳሙልኝ፤ ደብዳቤውን እንደገና ሲያነቡት አጠገብዎ ትቀመጥ። ወንድሜ አሸብርን፣ ባለቤቱንና ልጆቹን በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ። እትዬ የሻሽወርቅ እንደናፈቁዎት ነው፤ ጋሽ ኑሪም ሳያውቁዎት ሰላም ይላሉ። ዛኪር ደግሞ «ይቅር ይበሉኝ በይልኝ» ብሏል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ከ1 እስከ 48 ቁጥር ብቻ የጻፍኩበት ወረቀት አጥፌ ልኬያለሁ። ያስታወሱትን አገር፣ ወንዝ፣ ቀበሌ በየቁጥሩ ፊት ይጻፉልኝ፤ እጅዎ ከደከመ አሸብር ይጻፍ። የጠፋብዎትን ባዶውን ይተዉት፣ አይጨነቁበት። ሊቆጡኝ ይገባል፤ ይቆጡኝ አባዬ፣ አልከፋም። ብቻ በቁጣው መሃል የ31ን አገር ይንገሩኝ።

ልጅዎ ፀደንያ
አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ፣ መርካቶ
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.