አስቀድሞ የተሰቀለ ስለት

ኪዮስ፣ ኦገስት 16 ቀን 2022

ውድ አርጊሪስ፣

የመርከቡ ሞተር አላስቸገረህም? በደንብ ትበላለህ? እኛ ደህና ነን። የማስቲካ ዛፎቹን መብጣት ጀምረናል። ከሥራቸው ነጭ አፈር ነስንሰን የሙጫው ጠብታ እስኪወርድ እንጠብቃለን። እናትህ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ተቀመጡ ቢሏቸው ግን አይሰሙም።

ውጤቱ ዓርብ ዕለት መጣ።

በጸደይ አቴና ሄጄ ያደረግሁትን ታውቃለህ። ከክንዴ ደም ቀዱ፤ በማሽን አዙረው ፕሌትሌት የሚሉት የደም ሕዋስ የበዛበትን ቢጫ ውሃ ለዩና በመርፌ ወደ እንቁላል እጢዎቼ መለሱት። ሐኪሙ ተስፋ አልሰጠኝም። «የገዛ ደምሽ የተኛውን ይቀሰቅስ እንደሆነ እንሞክር» ነበር ያለኝ። ዓርብ ደወለ።

«ምንም ለውጥ የለም፣ አሲሚና።»

«ገባኝ» አልኩት። ከዚያ ሳህን አጠብኩ። ሳህኑ ንጹሕ ነበር።

ለእናትህ አልነገርኳቸውም። ትናንት የእመቤታችን በዓል ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሳለ ከቦርሳቸው ከብር የተሠራ ትንሽ ሕፃን አወጡና ሥዕሏ ላይ ሰቀሉት።

«እማማ! ስለት የሚገባው እኮ ከደረሰ በኋላ ነው» አልኩ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ አንቺ! እሷም እናት ናት። ስጦታዬን ተቀብላ ዝም ብትል አታፍርም?»

የሰፈራችንን ሰው ታውቀዋለህ። ስለት ተሰቀለ ማለት ደረሰ ማለት ነው። በር ላይ ከበቡኝ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ማሩኮ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ።

«አንቺ ድብቅ! እኔ እኮ ፊትሽ ሞላ ሲል ጠርጥሬ ነበር። እኚህ አሮጊት ባይሰቅሉት ኖሮ እስክትወልጂ ልትደብቂን ነበር?»

«አመሰግናለሁ» አልኩ። እጄ ሆዴ ላይ ነበር። መቼ እንደሄደ አላየሁትም።

ዛሬ ጠዋት ለእናትህ ነገርኳቸው። ቲማቲም እየቆረጡ ነበር። ቢላዋው ቆመ።

«እርግጥ ነው?»

«እርግጥ ነው፣ እማማ። ሄጄ ላውርደው?»

«የተሰጠ አይወርድም።» የቆረጡትን ቲማቲም ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «ብዪ፣ ብዪ። ከስተሻል» አሉኝ። ማሩኮ ፊትሽ ሞላ ብላኝ ነበር። በላሁ።

አንድ ነገር ቀረ። የአጎትህ ልጅ ፓንቴሊስ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ ወደ መርከባችሁ የእንኳን ደስ ያለህ መልእክት ልኮልሃል። ኩባንያው ትናንትናውኑ እንደሚያደርስልህ ነግሮኛል። ምን እንዳልክ አላውቅም። ለማን እንደነገርክ፣ ወጥ ቤቱ ምን እንደሠራላችሁ።

ልደውልልህ እችል ነበር። ስልኩ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ነው። አንተም ብትደውል አላነሣውም። ይህን ለደርባን ወደብ ወኪላችሁ በፖስታ እልከዋለሁ፤ እዚያ እስክትደርሱ ገና ብዙ ባሕር አለ። እስከዚያ ድረስ አባት ነህ።

ባሕሩ ይለዝብልህ። እመቤታችን ከፊትህ ትቅደም።

አሲሚና