ስለ ባለመስመሩ እባብ ፖስተር

ውድ ቶማ፣

በታላቅ ሐዘን አስታውቅሃለሁ፤ የእባብ መለያ ፖስተራችን ትናንት ከቢሮው ግድግዳ ላይ ወድቋል። ፕላስተሩ ለቆ ነው። ጉዳዩን የሚያጣራ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ለአንተ ሞት ኮሚቴ አላስፈለገም፤ እሱን ብቻዬን በሁለት ገጽ ጨርሼዋለሁ።

ረቂቁን ሶዶ ቢሮ መጥተህ ያየህ ቀን ትዝ ይልሃል? «ባለመስመር እባብ መርዝ የለውም» ይላል። ጣትህን አሳርፈህበት፣ «መስመሩ በርዝመቱ ነው በአግድሙ? እኛ ሁምቦ ሁለቱም አለ እኮ። የት እንደሚገኝም ጻፍበት» አልከኝ። ቦታ የለም አልኩህ። አልዋሸሁም፤ ግማሹን የኃላፊው ፎቶና መልእክት፣ ሩቡን የአጋሮች ዓርማ፣ የቀረውን መፈክሩ ይዞታል። ለእባቡ የተረፈችው የአውራ ጣት የምታህል ቦታ ነበረች። ሳቅክ፤ ከታተመ በኋላም ሃያውን ፖስተር ወደ ሁምቦ ተሸክመህልኝ ወረድክ።

የቀረውን፣ ትሠራበት የነበረው የተከለለ ደን ጠባቂ ጋሽ ጩማ ለቅሶህ ላይ ነገሩኝ። ሣር አጫጆቹ ደረቅ ድንጋይ ሥር የተኛ እባብ አይተው ጠሩህ። አጭር፣ ወፍራም፣ መስመሮቹ ጀርባው ላይ በአግድም የተደረደሩ። ጋሽ ጩማ፣ ይሄ ሰው ሲመጣበት የማይሸሽ እፉኝት ነው፤ መርዝ የሌለው ቀጭኑ፣ መስመሩ ከአንገቱ እስከ ጭራው የሚወርደው፣ ለምለም ሣር ውስጥ ኮቴ ሲሰማ የሚጠፋው ነው፤ እኛ ግን ሁለቱንም አንነካም ብለው መከሩህ። አንተ ጥበቃ ጎጆው ላይ የለጠፍከውን አሳየሃቸው።

«ይሄን የጻፈው ጓደኛዬ ነው፤ አይሳሳትም» አልክ አሉ። እንዳይገድሉት ፈቀቅ ልታደርገው ጎንበስ አልክ።

ኦቶና ሆስፒታል ሳያደርሱህ አለፍክ።

ሪፖርቱ ላይ ጥፋቱን ወደ አንተ አዞርኩት። ኃላፊው ሁለቴ አንብበው አማርኛዬን አደነቁ።

እሁድ ባለቤትህ ትርፌ ሪፖርቱን ሰምታ ኖሮ ከጸሎት ቤት ስትወጣ አገኘችኝ። «ቶማ የተነገረውን አይሰማም ነበር እንዴ? ቤት ውስጥ እንዲህ አልነበረም» አለችኝ።

ሃያው ፖስተር ዛሬም እንደተለጠፈ ነው፤ አንዱ ትምህርት ቤት በር ላይ። ነገ ወርጄ በእጄ እገነጥላቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ይህን ደብዳቤ ለትርፌ አነብላታለሁ፤ ከታች ያለውን እርማት ደግሞ ፖስተሩ በወደቀበት ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። ጠንካራ ፕላስተር ይዣለሁ።

አይሳሳትም ያልከው፣
አድነው

እርማት፦ በሪፖርቱ ገጽ ሁለት «ሟች የቢሮውን መመሪያ ባለመከተላቸው ሕይወታቸው አልፏል» የተባለው፣ «መመሪያውን በመከተላቸው» ተብሎ ይነበብ።