ካስኩ ጤነኛ ነው

ጥቅምት 4

ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ ፀጉር። ማጠብ፣ ቀለም፣ ማጠብ። ቢጎዲን የጠቀለልኩላት ሴትዮ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጣ ስልክ አወራች። ለራሷ ስለማይሰማት ትጮኻለች... የባሏን ጉድ ሳሎኑ በሙሉ ሰማ። ሬዲዮ በሳቅ ፍርስ አለች። (አብራኝ የምትሠራው ልጅ ናት፤ አንዴ ከተከፈተች ስለማትዘጋ ነው ሬዲዮ የምንላት።) እኔ ጥርሴን አሳየሁ። ሳቅ ግን አልመጣም።

ከሥራ በኋላ ሐኪም ቤት። ሐኪሟ ፋይሌን አገላበጠች። "ስንቱን መድኃኒት ቀያየርን። ይሄኛውን እንኳ ይዘሽ ሦስት ዓመት ሆነሽ። እውነቱን ንገሪኝ፣ ጠቅሞሻል?"

ምን ልበል? አላለቅስ፣ አልስቅ። ጥጥ ሆኛለሁ አልኳት።

"እንግዲያው የማይረዳሽን ለምን ትሸከሚያለሽ? ቀስ እያልን እንቀንሰውና እንተወው። ከሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጋር የጀመርሽውን ውይይት ግን አታቋርጪም።"

እንተወው! ታክሲ ሁሉ ረስቼ በእግሬ ቤት ደረስኩ። ግን... መድኃኒቱ አፍኖ ይዞት ከሆነስ? ስተወው ያ ድብርት ዘሎ ቢወጣብኝስ? ፋይሌ ላይ "ለመድኃኒት የማይበገር ድብርት" ነው የሚለው። ከሁለታችን ጀግናው እሱ ነው።

ጥቅምት 5

ለእህቴ ነገርኳት። ታላቄ ናት፣ አብረን ነው የምንኖረው። ፊቷ ልውጥ አለ። "አንቺ ካልሽ ጥሩ ነው፣ የኔ ቆንጆ" ብላ ወጥ ቤት ገባች። ሳህን ታጥባለች... የታጠበ ሳህን! ከታመምኩ ወዲህ እንዲህ ናት። ክፉ አትናገረኝም፣ ድምጿን ከፍ አታደርግም። ሕፃን የተኛበት ቤት ነው የሚመስለው።

ኅዳር 12

ካስኩ ሊገድለኝ ነበር! በሩ አጠገብ ያለው። ደንበኛዬን ላወጣ ጎንበስ ስል... ዥውውው! ከአናቴ እስከ ጥርሴ። "ኤሌክትሪክ!" ብዬ ጮህኩ። ሴትዮዋ ከነቢጎዲኗ መንገድ ላይ ወጣች። ሬዲዮ ወሬውን ለሰፈሩ አዳረሰችው።

ኅዳር 13

ኤሌክትሪሻኑ መጣ። ፈታ፣ ለካ፣ ገጠመ።

"እህቴ፣ ይሄ ካስክ ጤነኛ ነው።"

"ምን ጤነኛ! ይኸው አሁንም ነዘረኝ እኮ!"

"አሁን?"

"አዎ፣ አሁን!"

ገመዱን አንስቶ አሳየኝ። አልተሰካም።

ወዲያው ለሐኪሟ ደወልኩ። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀች። መድኃኒቱ ሲቀነስ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ንዝረት ይመጣል አለች፤ ድብርቱ ተመለሰ ማለት አይደለም። እስኪረጋጋ ድረስ አሁን ባለሁበት መጠን እንቆያለን። ለካ ብልሽቱ እኔ ጋ ነው! ሬዲዮ ስትሰማ "በቃ፣ መብራት ሲጠፋ አንቺን እንሰካሻለን" አለች። ሳቅኩ... ከልቤ፣ ሆዴን ይዤ፣ ወንበር ላይ ተደፍቼ! ይሄ ድምፅ የኔ ነው? ባለሳሎኗ ሳትቀር ከጓዳ ወጥታ አየችኝ።

ጥር 9

ሻምፑው ሎሚ ሎሚ ይላል! ለሬዲዮ ነገርኳት። "ድሮስ ምን ሊል ነበር?" አለች።

ከሰዓት ደግሞ አንዲት ትንሽ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትቆረጥ መጣች። መቀሱን ስታይ እሪ። እኔም አብሬያት... እንባ! እውነተኛ እንባ፣ በጉንጬ ወርዶ አገጬ ላይ የደረሰ። እናትየዋ ማናችንን እንደምታባብል ግራ ገባት።

ቤት ስገባ ኪኒኑን አንስቼ ቆምኩ። ትንሽ ነው የቀረው። ዛሬውኑ ብጥለውስ? እንዲህ ደስ እያለኝ ምን እጠብቃለሁ? ... ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሳልጥለው ቦታው መለስኩት። እጄ ግን እምቢ ብሎኝ ነበር።

የካቲት 21

ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ትናንትም እንዲሁ። መጣ? እሱ ነው? ድሮ ቢሆን "ደህና ነኝ" ብዬ እሸፋፈናለሁ። ዛሬ ደወልኩ።

"ምን ተፈጠረ?" አለች ሐኪሟ። ምንም ልላት ስል... ጡረተኛዋ መምህርት ትዝ አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሯን የማጥብላት ደንበኛዬ። ሞተች። ሳምንት አልሞላትም።

"ታዲያ እዘኚላት። ካልለቀቀሽ ግን ዛሬ ነገ ሳትይ ነይ።"

ማታውን ስለ መምህርቷ ለእህቴ ስነግራት አመሸሁ። ያኛው ሲይዘኝ ሰው ማየት አልፈልግም ነበር። ዛሬ ግን ሰው ፈለግኩ። አይደለም፣ እሱ አይደለም!

መጋቢት 18

የመጨረሻዋን ዋጥኩ። ፈራሁ። ደስ አለኝ። ሁለቱም።

ግንቦት 6

ድብርቱ እስካሁን አልመጣም። ሊመጣ ይችላል፣ ሐኪሟ አልዋሸችኝም፤ ክትትሌም አልተቋረጠም። የዛሬው ጉድ ግን ሌላ ነው።

እህቴ "ጫፍ ጫፉን ብቻ ቁረጪልኝ" አለችኝ። ፎጣ አልብሼ አስቀመጥኳት። አወራለሁ፣ እስቃለሁ፣ መቀሱም አብሮኝ ይሄዳል... ልብ ስል ፀጉሯ ጆሮዋ ጋ ደርሷል! መስታወቱን ሰጠኋት። አገላብጣ አየች። አሁን "ምንም አይደል፣ የኔ ቆንጆ" ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"አንቺ እብድ! ጫፉን አልኩሽ እንጂ ላጪኝ አልኩሽ?"

ሁለታችንም ክው። ከታመምኩ ወዲህ ያ ቃል በዚህ ቤት ተነስቶ አያውቅም። አፏን በእጇ ያዘች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ይቅርታ ልትለምነኝ ነው... ቀደምኳት።

"ታዲያ ማን ተወዛወዢ አለሽ? አርፈሽ አትቀመጪም!"

አየችኝ። በደንብ፣ ከላይ እስከ ታች። ከዚያ እጇን ከአፏ ላይ አወረደች።

"እኔ ነኝ የተወዛወዝኩት? እኔ?"

"ወንበሩ ነዋ!"

ጎረቤት ግድግዳውን እስኪደበድብ ተጯጯህን። ሳትራራልኝ፣ አንዴም ድምጿን ሳትቀንስልኝ! መጨረሻ ላይ ፎጣውን ፊቴ ላይ ወርውራ ክፍሏ ገባች፤ በሩን ጓ አድርጋ ዘጋችው። ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ ጎንና ጎኑንም አስተካክልላታለሁ። አሁን ግን እሷም አኩርፋለች፣ እኔም አኩርፌያለሁ። ደስ ሲል!